በሽኩና ሄ ቤትዎን በምን ያሞቁታል?

የቤር ሼቫ ብርድ አታላይ ነው። በጃንዋሪ ቀትር ላይ ሰው ሹራብ ብቻ ጣል አድርጎ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ፀሐይ ጥልቅ ስትል ግን የኔጌቭን ሰማይ ደመና ስለማይከድነው ምድሪቱ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ሁሉ ትለቀዋለች። ሌሊቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ይገባል፤ ከዚያም የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። ከጎንደር ደጋ ወይም ከሰሜን ተራራ ውርጭ ለመጣ ሰው ቁጥሩ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን እዚያ ቤቱ ጭቃና ሣር ነበር፤ መካከሉ ላይም ምድጃ ነበረበት። እዚህ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ንጣፍ ነው። መካከሉ ላይ ምንም የለም።

ሐሽቫን 29 ሲግድ አልፎ ኪስሌቭ ሲብት በየቤቱ አንድ ዓይነት ወሬ ይጀመራል። ልጅ ካሚን (የቤት ውስጥ እሳት ማንደጃ) እንግዛ ይላል፤ እናት እሳት ናፍቆኛል ትላለች፤ አባት የመብራት ሒሳቡን እያሰበ ዝም ይላል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለእነዚህ ሦስት ሰዎች ነው። መጀመሪያ የማምንበትን ልንገራችሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ የሚወጣ ነውና። በጎንደር መንደሮቻችን፣ ወለቃና አምቦበር ላይ፣ አንድ ምድጃ ያበስል ነበር፣ ያሞቅ ነበር፣ ያበራ ነበር፣ ሰውንም ይሰበስብ ነበር። እዚህ አንድ ዕቃ ገዝተን ያን ሁሉ ሥራ እንዲሠራልን ስንፈልግ እንሳሳታለን፤ ስሕተቱም አንዳንዴ ነፍስ ያጠፋል። ሙቀቱን ከአንድ ቦታ፣ እሳቱን ከሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መጀመሪያ፣ ጭስ በየት እንደሚወጣ ይዩ

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ሳሎን መካከል ቆመው ወደ ላይ ይመልከቱ። ከጣራዎ በላይ ያለው ሰማይ ነው ወይስ የሌላ ሰው ወለል? በሰፈራችን በሽኩና ሄ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ቤት አለ። በአንድ በኩል ፎቆቹ አሉ፤ ከእነርሱም የታወቀው አቭራሃም ያስኪና አምኖን አሌክሳንድሮኒ የነደፉት፣ 250 ሜትር ያህል ስለሚረዝም የሩብ ኪሎ ሜትር ሕንፃ የሚባለው ነው። በሌላ በኩል በዚያው ዘመን፣ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ግድም፣ ለበረሃ አየር ታስበው የተሠሩት ዝቅ ያሉ፣ እርስ በርስ የተጣበቁ፣ እያንዳንዳቸው በግንብ የታጠረ የራሳቸው ግቢ ያላቸው ቤቶች አሉ። ከላይ ሲታዩ የተዘረጋ ምንጣፍ ስለሚመስሉ በምንጣፍ ስም ይጠራሉ።

ፎቅ ላይ የሚኖሩ ከሆነ እንጨት የሚያነድ ካሚን የእርስዎ ነገር አይደለም። የጭስ ማውጫው ቧንቧ ከጣራው በላይ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ከእርስዎ በላይ ያሉትን ዲራዎች (መኖሪያ ቤቶች) በስቶ የሚሄድበት መንገድ የለም። በመስኮት አውጥቼ በግድግዳው ላይ አጠማዝዤ እሠራልዎታለሁ የሚል ሠራተኛ ቢመጣ አይስሙት፤ ጭሱ በላይኛው ጎረቤት መስኮት ይገባል፣ ነፋስ ሲገፋው ደግሞ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ግን ካሚን ይቻላል፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ቤቱ የኪራይ ወይም የመንግሥት ከሆነ ጣራ ከመብሳትዎ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

ቀጥሎ፣ ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ይድፈኑ

ይህ ርካሹ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። ማታ በመስኮቱና በበሩ ጠርዝ እጅዎን ያሳልፉ፤ ነፋስ የሚነካዎት ቦታ ላይ ከዕቃ መሸጫ የሚገኘውን የላስቲክ ወይም የስፖንጅ ማሸጊያ ይለጥፉ። በደቡብ በኩል ያለውን ትሪስ (የመስኮት መከለያ) ጠዋት ከፍተው ፀሐይ ወለሉ ድረስ ይግባ፤ ፀሐይ ከመጥለቋ ጥቂት ቀደም ብለው ይዝጉት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ። በእግር በኩል የሚገባው ብርድ ሽማግሌዎችን ያደክማል። ማሸጊያ ሲባል ግን ቤቱን ጠርሙስ ማድረግ አይደለም፤ የጋዝ ምድጃ የሚበራበት ወጥ ቤት የአየር መግቢያው ክፍት ሆኖ ይቆይ።

ማዝጋኑን አይናቁት

ብዙዎቻችን ማዝጋንን (የአየር ማቀዝቀዣውን) የበጋ ዕቃ አድርገን እናየዋለን። በቤር ሼቫ ክረምት ግን ከማሞቂያዎች ሁሉ በዋጋ የሚረታው እሱ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ራድያቶር የኤሌክትሪኩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ አንድ ቢወስድ አንድ ይሰጣል። ማዝጋን ግን ሙቀቱን አይፈጥረውም፤ ከውጭው አየር ላይ ለቅሞ ወደ ውስጥ ይሸከመዋል። የውጩ አየር 7 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ለእሱ የሚለቀም ሙቀት አለው። ስለዚህ ደህና ማዝጋን አንድ ወስዶ ሦስት ያህል ይሰጣል።

በገንዘብ እናስበው። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 60 አጎሮት ግድም ነው እንበል፤ ዋጋው ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ከራስዎ ሒሳብ ላይ ይውሰዱ። 2,000 ዋት ራድያቶር ያለማቋረጥ 5 ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 6 ሼቄል ማለት ነው። ያንኑ ሙቀት ማዝጋኑ በ2 ሼቄል ያመጣዋል። በአንድ ወር 180ና 60 ይሆናል። ራድያቶሩ ሲሞቅ ራሱን ስለሚያጠፋ በተግባር ልዩነቱ ጥቂት ሊጠብ ይችላል፤ ሦስት ሰው በሚያድርበት ቤት ግን ልዩነቱ የልጅ ጫማ ይገዛል።

ማዝጋን አያሞቅም የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ያላጸዱት ሰዎች ናቸው። ኔጌቭ አቧራ ነው፤ በጋውን ሙሉ የሰበሰበው አቧራ ማጣሪያው ላይ ተጋግሯል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ማጣሪያውን አውጥተው በለብ ያለ ውኃ ይጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ይመልሱት። በክረምት በየሦስት በየአራት ሳምንቱ ይድገሙት። በርቀት መቆጣጠሪያው ላይ የፀሐይ ምልክቷን ይምረጡ፤ ክንፎቹን ወደ ታች ያዙሯቸው፤ ሞቃት አየር ራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ወደ ላይ ከነፋ ኮርኒሱን ብቻ ያሞቃል። 21 ወይም 22 ዲግሪ ይበቃል። 30 ላይ ስላደረጉት ቶሎ አይሞቅም፤ ረጅም ሰዓት እየሠራ ሒሳብ ያስቆጥራል እንጂ።

ራድያቶርና ስፒራላ

ማዝጋን የሌለበት መኝታ ቤት ካለ ዘይት ያለበት ራድያቶር ጥሩ ነው። ለመሞቅ ይዘገያል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ዝም ብሎ፣ ሳይነፋ፣ ሳይቀላ ይቆያል። ስፒራላው፣ ያ ቀይ የሚግመው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ወዲያው ያሞቃል እንጂ ክፍሉን አያሞቅም። ሲገዙት ሲወድቅ በራሱ የሚጠፋ መሆኑን፣ የእስራኤልን የደረጃ ምልክት ታቭ ቴኬንን መያዙን ይዩ። ተኝተው አያብሩት። ከመጋረጃ፣ ከፍራሽ፣ ከጋቢ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ጋቢ ለብሶ ስፒራላ አጠገብ የሚቀመጥ ሽማግሌ ቤት ውስጥ ካለ ስፒራላውን ከነጭራሹ ባይገዙ እመርጣለሁ። የጋቢ ጫፍ ቀይ ሽቦውን ሲነካ ጥጡ በቅጽበት ይያያዛል።

አሁን ስለ ግድግዳው ሶኬት። በድሮዎቹ ሺኩኖች (የመኖሪያ ሕንፃዎች) የኤሌክትሪክ መስመሩ የተዘረጋው ቤት ውስጥ ከአምፑል፣ ከሬዲዮና ከማቀዝቀዣ በቀር ብዙ ዕቃ ባልነበረበት ዘመን ነው። አንድ ሶኬት ቢበዛ 16 አምፔር፣ ማለትም ወደ 3,680 ዋት ይችላል። ራድያቶሩን ከውኃ ማፍያው ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ቢሰኩ ያን ይሻገራሉ። ማሞቂያ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፤ ማራዘሚያም ማከፋፈያም አይግባበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሰኪያውን በእጅዎ ይዳስሱት፤ ከሞቀ ሐሽማላይ (የኤሌክትሪክ ባለሙያ) ይጥሩ። ያኔ የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያጠፋው ፓሓት መኖሩንና መሥራቱን አብሮ እንዲያይልዎት ይጠይቁት።

ሻባትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኢትዮጵያ ሳለን የሰንበት ሌሊት እሳት የሌለበት ሌሊት ነበር። ቤተ እስራኤል የኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 35 ትእዛዝ እንደ ቃሉ ስለያዙ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋ ነበር፤ ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላ፣ ብርዱም በጋቢና በተጠጋጋ ገላ ይታለፍ ነበር። እዚህ እንደየቤቱ ይለያያል፤ ብዙው ቤት በሻዖን ሻባት፣ ዕቃውን በራሱ በሚያበራና በሚያጠፋ ሰዓት፣ ይጠቀማል። ነገር ግን በርካሽ የሚሸጠው ትንሹ ሰዓት ለመብራት የተሠራ ነው። ራድያቶር ከሰኩበት ውስጡ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ያውም ማንም በማይነካው ሌሊት። በላዩ ላይ 16 አምፔር የሚል የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የማዝጋኑን የራሱን ሰዓት መሙላት ነው።

ጋዝና ላምባ

ከስሩ የጋዝ ባሎን የሚገባበት፣ መንኮራኩር ያለው የጋዝ ማሞቂያ ሰፊ ሳሎን ቶሎ ያሞቃል። ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው፣ የሚያቃጥለውን አየር ከእርስዎ ጋር ይሻማል፤ ስለዚህ ሲበራ መስኮት በትንሹ ክፍት መሆን አለበት፤ ያ ደግሞ ብርዱን መልሶ ያስገባል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውኃ በእንፋሎት መልክ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። ያ ውኃ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥም ከአልጋው ጀርባ ጥቁር ዖቬሽ (ሻጋታ) ይወጣል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ይህን ማሞቂያ ይተዉት። የላምባውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ሽታው ደግሞ ይጨመርበታል። በመኝታ ቤትና በማማድ (በመጠለያው ክፍል) ውስጥ ሁለቱም በፍጹም አይግቡ። ማማድ አየር እንዳያስገባ ተብሎ የተሠራ ክፍል ስለሆነ ምንም ዓይነት ነበልባል፣ ሻማም ቢሆን፣ ተዘግቶ አይነድበትም።

ግቢ ላላቸው፣ እውነተኛው ካሚን

ከጣራዎ በላይ ሰማይ ካለ፣ አቅሙም ካለ፣ ካሚን መልካም ነገር ነው። ሆኖም በቤር ሼቫ ብርዱ የሚጸናው ሦስት ወር ያህል ብቻ መሆኑን አስበው ይወስኑ፤ ገንዘቡን በቁጠባ አይመልሰውም። የሚገዙት ስለሚወዱት ነው፤ ያ በቂ ምክንያት ነው።

ፊቱ ክፍት የሆነውን፣ በግድግዳ ውስጥ የሚሠራውን አይምረጡ። ለዓይን ያምራል፤ ግን አብዛኛው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ የክፍሉንም ሞቃት አየር ስቦ ይዞት ይወጣል። የመስተዋት በር ያለውን፣ ከብረት ወይም ቀልጦ ከተቀረጸ ብረት የተሠራውን ዝግ ካሚን ይፈልጉ። የአየር መግቢያዋን በመክፈትና በመዝጋት እሳቱን ይገዙታል፤ እንጨቱ ከሚሰጠው ሙቀት የሚበዛው ቤት ውስጥ ይቀራል። ብረትን በእሳት ሲገዙ የኖሩ የአንጥረኞች ልጆች ይህን ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያሻቸውም፤ ወናፉን የያዘ እጅ እሳቱ በአየር እንደሚታዘዝ ያውቃል።

ትልቅ አይግዙ። ለእነዚህ ቤቶች ሳሎን 5 ኪሎዋት ይበቃል፤ 7 ቢሆን ብዙ ነው። ሻጩ 12ና 14 ያለውን ያሳይዎታል። ትልቅ ካሚን ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ስለሚበዛ ሰው አየሩን ይዘጋበታል፤ አየር ያጣ እሳት ያፍናል፣ ቧንቧው ውስጥም የሚጣበቅ ጥቁር ጥቀርሻ ይከማቻል። ያ ጥቀርሻ አንድ ቀን ራሱ በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ ቧንቧው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጠረግ። ሲተከልም ድርብ ግድግዳ ያለው የማይዝግ ቧንቧ፣ በተቻለ መጠን ያለ መታጠፊያ፣ ከጣራው ከፍ ብሎ ይውጣ። ቤቶቹ ተጣብቀው ስለተሠሩ የእርስዎ ጭስ ለጎረቤት ግቢ ቅርብ ነው። የቧንቧው ጫፍ የት እንደሚያርፍ ከጎረቤትዎ ጋር አብራችሁ እዩት፤ ልብስ የሚያሰጡበትን፣ ጣራ ላይ ያለውን ዱድ ሼሜሽም (በፀሐይ የሚሠራውን የውኃ ማሞቂያ) አስቡ።

እንጨቱን በበጋ ይግዙ። በኪስሌቭ የሚገዛ እንጨት ውድም እርጥብም ነው። ተፈልጦ ቢያንስ አንድ በጋ በነፋስ የከረመ መሆን አለበት፤ ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ የደረቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ወይራው ይከብዳል፣ ረጅም ሰዓት ይነዳል። የብርቱካንና የሎሚ ግንድም ደህና ነው። ባሕር ዛፉን ከጎንደር ያውቁታል፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጠቃል፤ ለማቀጣጠያ ይሁንልዎ። ቀለም የተቀባ ሳንቃ፣ የተጣበቀ ጣውላ፣ መንገድ ዳር የተጣለ የቤት ዕቃ አያንድዱ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

በአልኮል የሚነዱ፣ ጭስ ማውጫ የማይፈልጉ የሚያማምሩ ካሚኖችም ይሸጣሉ። ሙቀታቸው ትንሽ ነው፤ እየነደዱ ወይም ገና ሳይቀዘቅዙ አልኮል ሲጨመርባቸው ነበልባሉ ወደ ጠርሙሱ ይዘላል። ልጆች ባሉበት ቤት አልመክራቸውም። ነበልባል የሚመስል መብራት ያለው የኤሌክትሪክ ካሚን ግን ውስጡ ተራ ማሞቂያ ነው። እንደ 2,000 ዋት ማሞቂያ ቆጥረው፣ መብራቱን ከወደዱት ይግዙት።

ከሰሉ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ከሰል ወደ ቤት የሚገባው በሁለት በር ነው። አንደኛው ቡና ነው። ሁለተኛው፣ ሒሳብ የበዛበት ወይም መብራት የጠፋበት ሌሊት ነው፤ ማንደጃው ከሚርፔሴት (ከበረንዳው) ይነሳና ልጆቹ የተኙበት ክፍል ይገባል። የሚያስገቡት እናቶች ግዴለሾች አይደሉም። እድሜ ልካቸውን እሳት ሲጠብቁ የኖሩ፣ ከማንም በላይ እሳት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁት እሳት ግን በሣር ክዳንና በግድግዳ ስንጥቅ የሚተነፍስ ቤት ውስጥ የነበረው እሳት ነው። ጎጆው ጭሱንም መርዙንም በሣሩ ያስወጣ ነበር። የብሎኬት ቤት፣ በአሉሚኒየም መስኮት የተዘጋ፣ እኛም ብርዱን ፈርተን ያሸግነው ቤት፣ አይተነፍስም።

ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ከሰሉ ደህና ነው የሚባለው ልማድ እዚህ ይገድላል። የሚያስለቅሰው ጭስ ነው ያለቀው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላውም ፍም፣ አመድ ከለበሰውም ረመጥ ይወጣል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ነገር ላይ ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፤ ሰውየው አየር እየሳበ በአየር እጦት ይሞታል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳትና እንቅልፍ ነው። እንቅልፉ ነው ክፉው፤ የሞቀው ሰው ደስ ብሎት የተኛ ይመስላል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሴን ካለ ምግቡን ሳይሆን እሳቱን ይጠርጥሩ። በርና መስኮት ከፍተው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ ሕፃኑንና ሽማግሌውን አስቀድመው። ከዚያ ለአምቡላንስ 101 ይደውሉ። እሳት ከተነሳ 102 ነው።

በመስተዋት የተዘጋ ሚርፔሴት ለከሰል ውጭ አይደለም፤ ክፍል ነው። መስኮት በትንሹ መክፈት ለጋዝ ማሞቂያ የሚባል እንጂ ለከሰል አይበቃም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ይሸጣል፤ ከጭስ ጠቋሚው የተለየ ነው፤ ጋዝ ወይም ካሚን ያለበት ቤት መኝታ ቤቱ አጠገብ ይስቀለው። ጠቋሚ አለኝ ብሎ ከሰል ማስገባት ግን አይቻልም።

ቡናውስ? እናቴ ብዙ ዓመት ተከራክራኛለች። ያለ ፍም የተፈላ ቡና ቡና አይደለም ትል ነበር። ክርክሩን ያቆመው በርጩማዋን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። አሁን በክረምት ቡናው ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ግቢ ውስጥ ነው፤ በደቡብ ፊት ግንብ ሥር፣ ፀሐይ በምታርፍበት። ማታ ለሚመጣ እንግዳ ጀበናዋን በኤሌክትሪኩ ምድጃ ላይ ታፈላለች፤ ለዕጣኑ የምትወስደውን አንዲት ፍም እንኳ ደጅ ታስቀምጣታለች፤ ሽታው በበሩ ይገባል።

እሳቱን የት ያደርጉታል?

ሙቀቱን ከማዝጋኑ ካገኙ እሳቱን ለሰው ያድርጉት። ግቢ ላላቸው፣ ከግድግዳ ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ፣ ከልብስ መስጫውና ከዛፍ ቅርንጫፍ ነፃ በሆነ ቦታ፣ በደረቅ መሬት ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ እግር ያለው የብረት ማንደጃ ይበቃል። ትናንሽ ድንጋዮች ዙሪያውን ይደርድሩ። ነፋሱ ከበረሃ በኃይል ሲመጣ አይለኩሱ። ፎቅ ላይ ለሚኖሩ ቫዓድ ባይቱን (የሕንፃውን ኮሚቴ) ጠይቀው ከሕንፃው ራቅ ያለ ቦታ ላይ በሳምንት አንድ ማታ መሰብሰብ ይቻላል፤ ሽማግሌዎቹ በየዲራቸው ለብቻቸው ከሚቀመጡ እዚያ ቢወርዱ ይወዳሉ። ባልዲ ውኃ አጠገብ ይቀመጥ። ሕፃናቱን አንድ ሰው በስም ተጠርቶ ይጠብቅ፤ ሁሉም የሚጠብቀው ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነው።

ወሬው ሲያልቅ ረመጡን በአመድ ሸፍነው አይሂዱ። በአገራችን እሳት እንዳይጠፋ የምናዳፍነው በዚያ መንገድ ነበርና እስከ ነገ ይኖራል። ውኃ አፍስሰው ያማስሉት፤ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ እስኪያቆም ይድገሙት። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ጨምረው ውጭ ያሳድሩት፤ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው የሚሄደው በማግሥቱም ቀዝቅዞ ከሆነ ነው፤ ባልዲውን በእጅዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።